ቀጥ ያለ ዛፍ ሁሉ አያፈራም፦ የጓሮ ፒርን ስለ መግረዝና ስለ መግራት

«እንጨት የሚታረቀው በርጥቡ ነው» ይላሉ አባቶች። አባባሉ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ለልጅ አስተዳደግ ነው። ዛሬ ግን የሚነሣው ስለ እንጨቱ ስለራሱ፣ ያውም በባዕድ አገር በብዙ ወገኖች ጓሮ ቆሞ ስለሚታይ አንድ ዛፍ ነው፤ ስለ ፒር።

በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ራቅ ሲልም በሲያትል አካባቢ፣ ለዓመታት አፓርታማ ተከራይቶ፣ ቀን አንድ ሥራ ሌሊት ሌላ ሥራ ሠርቶ ቤት የገዛ ሰው ከቤቱ ጋር አብሮ የሚረከበው ነገር ብዙ ነው። ከነዚህም አንዱ ከቀድሞው ባለቤት የተወረሰ የፍሬ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ ቤት በገባ በመጀመሪያው ዓመት «ልጆቼ ከገዛ ጓሯቸው ፍሬ ይቅመሱ» ብሎ ከችግኝ መሸጫ አንድ ፒር ገዝቶ ይተክላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለቱም የሚገጥማቸው ችግር አንድ ነው። ዛፉ ወደ ጎን መዘርጋቱን ትቶ እንደ ጦር ወደ ሰማይ ይወረወራል። ቅጠሉ ያምራል፤ ቁመቱ ከቤቱ ጣሪያ ይበልጣል። ፍሬው ግን ወይ የለም፣ ወይም ካለ ከሰው እጅ ርቆ ለወፍና ለስኩዊረል ሲሳይ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው መጋዝ ነው። አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰውም ያን ዕለት ነው። ከ10 ዓመት በላይ የቆመ ዛፍ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ያውም በቅን ልቦና፣ ሊበላሽ ይችላል። የተበላሸውን ለማስተካከል ደግሞ ሦስት፣ አራት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ዛፉ ለምን እንደዚያ እንደሚያድግ ማወቁ ይጠቅማል።

ባሕር ዛፍ ያስለመደው ዓይን

በደጋው አገር ያደገ ሰው ስለ ዛፍ ያለው አስተያየት በአመዛኙ በባሕር ዛፍ የተቀረጸ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ የዛፍ መልካምነት የሚለካው በቀጥነቱ ነው። ቀጥ ያለው ለምሰሶ፣ ለማገርና ለአጣና ይሆናል፤ የተጣመመው ወደ ምድጃ ይሄዳል። የታችኛው ቅርንጫፍ ለማገዶ ይመለመላል፤ ግንዱም ሽቅብ ይመዘዛል። ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ የሚጎድል ነገር የለም።

ከቡና አገር የመጣው ደግሞ ሌላ ልምድ አለው። ያረጀ የቡና ተክል ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ይጎነደላል፤ ከጉቶው ከሚወጡት ቀንበጦች ሁለቱ ወይም ሦስቱ ተመርጠው ይቀራሉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተክሉ ታድሶ ያፈራል።

ሁለቱም ልምዶች በየቦታቸው ትክክል ናቸው። በፒር ላይ ሲሆኑ ግን ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የፒርን የታች ቅርንጫፍ እንደ ባሕር ዛፍ የመለመለ ሰው በእጁ ሊደርስበት የሚችለውን ፍሬ ነው ቆርጦ የጣለው። ፒርን እንደ ቡና የጎነደለ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ከቁርጡ ዙሪያ 20 ወይም 30 ቀጫጭን አለንጋዎች ሽቅብ ወጥተው ያገኛል። እነዚህ አለንጋዎች ጥላ ይሆናሉ እንጂ ለዓመታት ፍሬ አይሰጡም። ለምሰሶ የሚፈለገው ዛፍና ለፍሬ የሚፈለገው ዛፍ ተቃራኒ ናቸው፤ ለፍሬ የሚሆነው ጎንበስ ያለው ነው።

ፒር ለምን ቀጥ ይላል?

የዛፍ ጫፍ ላይ ያለው ቡቃያ እንደ አለቃ ነው። ኦክሲን የሚባለው የዕድገት ቅመም እዚያ ይሠራና ወደ ታች ይወርዳል፤ ከበታቹ ያሉት ቡቃያዎችም እንዳይነቁ ይከለክላቸዋል። ቅርንጫፉ ቀጥ ብሎ በቆመ መጠን ይህ አለቅነት ይጠነክራል። ዛፉም ኃይሉን ሁሉ በማደግ ላይ ያውላል፤ ለማበብና ለማፍራት አይጣደፍም። ቅርንጫፉ ዘንበል ሲል ግን የጫፉ ሥልጣን ይላላል። በጎኑ ያሉት ቡቃያዎች ይነቃሉ፤ ዕድገቱ ዝግ ይልና በአጫጭር ጣቶች ላይ የአበባ እንቡጥ ይቋጠራል።

ይህ ጠባይ በሁሉም የፍሬ ዛፎች ያለ ቢሆንም በፒር ይብሳል። ፖም ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ወደ ጎን ይዘረጋል። ባርትሌት፣ አንጁ፣ እንዲሁም ክቡን የእስያ ፒር የመሳሰሉት ግን በወጣትነታቸው እንደ ተጠቀለለ ጃንጥላ ናቸው። (አሜሪካኖች ባርትሌት የሚሉትን ፒር አውሮፓ ያለው አንባቢ የሚያውቀው ዊልያምስ በሚለው ስሙ ነው።) ያለ ሰው እርዳታ ቅርንጫፎቹን የሚያጎነብስለት የፍሬው ክብደት ብቻ ነው፤ ፍሬው እስኪመጣ ግን ብዙ ዓመት ይጠበቃል። እንግሊዞች ፒር የሚተክል ለወራሾቹ ይተክላል የሚል አባባል ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የፒር ፍሬ በዚያው ዓመት በበቀለ ቀንበጥ ላይ አይገኝም። የሚገኘው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነው እንጨት ላይ፣ የሰው ጣት በማያህሉ አጫጭርና ሽብሽብ ያሉ ቅጥያዎች ላይ ነው። እነዚህ ጣቶች በደንብ ብርሃን ካገኙ ለብዙ ዓመታት ደጋግመው ያፈራሉ። በመቀስ ሲሞከር መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፤ «ይህ ቁጥቋጦ ምን ይሠራል» ተብሎ የተጠረገ ቅርንጫፍ የነገውን ፍሬ ይዞ ሄዷል።

በደጃፍ የቆመው ብራድፎርድ

ቀጥ ብሎ ማደግ ከፍሬ ማጣት የበለጠ ጉዳት እንዳለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች መንገድ ዳር በማርችና በኤፕሪል ነጭ ለብሶ የሚታየው፣ አበባው ግን የዓሣ ሽታ ያለው ዛፍ ብራድፎርድ ይባላል። እርሱም የፒር ዘር ነው።

ታሪኩ ከአንድ ስደተኛ ይጀምራል። ፍራንክ ሜየር እ.ኤ.አ. በ1875 አምስተርዳም ተወልዶ በ1901 ወደ አሜሪካ የገባ አትክልተኛ ነበር። የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ቀጥሮት ቻይናን በእግሩ እያሰሰ ዘርና ችግኝ ይልክ ነበር። ዛሬ ሜየር ሎሚ የሚባለው በእርሱ ስም የተጠራ ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የፒር እርሻዎችን የሚያጠፋ በሽታ ተነሥቶ ስለ ነበር፣ ሜየር በሽታውን የሚቋቋም የቻይና ዱር ፒር ዘር እየሰበሰበ ላከ። እርሱ ራሱ በ1918 በያንግዜ ወንዝ ሕይወቱ አለፈ። ዘሩ ግን በቅሎ፣ ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቀው በግሌን ዴል ሜሪላንድ የመንግሥት የችግኝ ጣቢያ ከበቀሉት ዛፎች አንዱ ለውበቱ ተመረጠ። ብራድፎርድ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ተሰጠ። በ1966 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ሌዲ በርድ ጆንሰን በዋሽንግተን መሀል አንዱን ተክለው አስተዋወቁት።

ዛፉ ፈጥኖ አደገ፣ አማረ፣ በየደጃፉም ተተከለ። ጉዱ የታየው ከ15 እስከ 25 ዓመት ሲሞላው ነው። የብራድፎርድ ቅርንጫፎች ሁሉ ከአንድ ቦታ ተነሥተው ሽቅብ ተጣብቀው ያድጋሉ። በመካከላቸው ያለው ባላ ጠባብ በመሆኑ ሁለቱ እንጨቶች ሲወፍሩ ቅርፊታቸው ወደ ውስጥ ይዋጣል። እንጨት ከእንጨት ጋር ሳይገጥም ቅርፊት ከቅርፊት ጋር ተደግፎ ይኖራል። ከውጭ ሲታይ አንድ ግንድ ይመስላል፤ ንፋስ ወይም በረዶ ሲመጣ ግን እንደ ተፈለጠ ማገዶ ለሁለት ይከፈላል። በሥሩ የቆመ መኪና ወይም የቤት ጣሪያ ቢኖር ዕዳው የባለቤቱ ነው።

ጣጣው በዚህ አላበቃም። ብራድፎርድ ከሌሎች ዘመዶቹ ጋር ተዳቅሎ በየጫካው እሾሃማ ዱር ፒር አስፋፋ። በዚህም ምክንያት ኦሃዮ ከ2023 መግቢያ፣ ፔንሲልቬንያ ከፌብሩዋሪ 2024፣ ሳውዝ ካሮላይና ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክለዋል። በደጁ ትልቅ ብራድፎርድ ያለው ሰው ፈቃድ ያለው ዛፍ ቆራጭ ጠርቶ ቢያስመረምር መልካም ነው። ይህ ዛፍ ባረጀ ጊዜ በመግረዝ የሚድን አይደለምና።

ከብራድፎርድ የሚገኘው ትምህርት ለፍሬው ፒርም ይሠራል። ጠባብ ባላ የነገ ስብራት ነው። ፍሬ የተሸከመ ቅርንጫፍ በጠባብ ባላ ላይ ሲንጠለጠል ያለ ንፋስም ይገነጠላል።

ችግኙን መግራት

ጥሩው ነገር የፒር ችግኝ እንደ በቅሎ ነው፤ በጊዜ ከተያዘ ይገራል። ከመጋዝ ይልቅ ገመድና ትንሽ እንጨት የበለጠ ሥራ ይሠራሉ።

ችግኙ ቅርንጫፍ የሌለው አንድ ቀጭን ዘንግ ሆኖ ከመጣ በተተከለበት ጊዜ ከመሬት ከ30 እስከ 36 ኢንች ላይ ይቆረጣል። ለባለቤቱ ይህ የሚያሳዝን ሥራ ነው፤ የገዛውን ግማሹን ጣለ ማለት ነውና። ነገር ግን ካልተቆረጠ ከታች ያሉት ቡቃያዎች አይነቁም። ከቁርጡ በታች ከሚወጡት ቀንበጦች የላይኛውና ቀጥ ያለው አውራ ግንድ እንዲሆን ይተዋል። ከእርሱ ጋር የሚፎካከር ሁለተኛ ቀጥ ያለ ቀንበጥ ካለ ይወገዳል፤ ሁለት አውራ በአንድ ቀፎ አይስማማም።

የቀሩት ቀንበጦች ገና አረንጓዴ ሆነው ጥቂት ኢንች ሲረዝሙ፣ ማለትም በሜይና በጁን፣ ተራ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ይበቃቸዋል። መቆንጠጫው ከቀንበጡ በላይ አውራ ግንዱን ይነክሳል፤ ጅራቱም ቀንበጡን ወደ ጎን ይገፋል። በአንድ ዶላር ተኩል የተገዛ የመቆንጠጫ እሽግ በዚህ ዕድሜ የሚሠራውን ከ10 ዓመት በኋላ ብዙ መቶ ዶላር የሚከፈለው ዛፍ ቆራጭ አይሠራውም።

አንድ ወይም ሁለት ዓመት ለሆነው ቅርንጫፍ ደግሞ ጫፍና ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ ቀጭን ጣውላ በግንዱና በቅርንጫፉ መካከል ይወተፋል። በገመድ መሬት ላይ ከተቸነከረ እንጨት ጋር ማሰር ወይም ውኃ የተሞላ የላስቲክ ጠርሙስ ማንጠልጠልም ይቻላል። ሥራው ብርዱ አልፎ በእንጨቱ ውስጥ ፈሳሽ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቢደረግ ይሻላል፤ በብርድ ጊዜ እንጨቱ ደረቅ ስለሆነ ይሰበራል። አንድ የበጋ ወራት ሙሉ እንደ ታሰረ ከቆየ እንጨቱ በዚያው ይጸናል፤ ማሰሪያው ይፈታል።

ስንት ይጎንበስ? ግንዱ 12 ሰዓት ላይ እንደ ቆመ የፈረንጅ ሰዓት ቆጣሪ ቢታሰብ፣ ቅርንጫፉ ወደ አንድ ተኩልና ወደ ሁለት መካከል ማመልከት አለበት፤ ይህም ከግንዱ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ተጎንብሶ ከመሬት ጋር ትይዩ ከሆነ ቅርንጫፉ ይደክማል፤ በጀርባውም ላይ አለንጋዎች ይበቅላሉ። በተለይ ገመዱ ከጫፉ ላይ ታስሮ ቅርንጫፉ እንደ ቀስት ሲጎብጥ ከጉብታው ላይ ቀጥ ያለ አለንጋ መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የሚታሰረው ከመካከሉ ነው፤ ቅርንጫፉ ራሱ ቀጥ እንዳለ ከግንዱ ይራቅ። ገመዱም ቅርፊቱን እንዳይበላ ላላ ተደርጎ ይታሰር።

በዚህ ዓይነት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አራት ወይም አምስት ቅርንጫፎች በግንዱ ዙሪያ፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት ኢንች ከፍ ዝቅ ብለው ይመረጣሉ። ይህ የመጀመሪያው ደርብ ነው። ከእርሱ ሁለት ጫማ ያህል ክፍት ተትቶ ሁለተኛው ደርብ ይያዛል። የላይኛው ምንጊዜም ከታችኛው ማጠር አለበት፤ ዛፉም ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ እንደ ጎጆ ክዳን ይሁን። ያለዚያ የላዩ ለታቹ ብርሃን ይከለክለዋል። ከግንዱ ውፍረት ግማሽ በላይ የወፈረ ቅርንጫፍም ነገ ከግንዱ ጋር ስለሚጣላ ከአሁኑ ይነሣል።

ከዚህ ሌላ ወጣት ዛፍ ላይ መጋዝ ማብዛት አይገባም። እያንዳንዱ ቁርጥ ዕድገትን ይቀሰቅሳል፤ የፍሬውንም ጊዜ ያዘገያል።

ያመለጠውን ዛፍ መመለስ

ብዙው ሰው ግን የሚገጥመው ችግኝ ሳይሆን ከቤቱ ጋር የተረከበው፣ ለ15 ዓመት ማንም ያልነካው ዛፍ ነው። እዚህ ላይ ዋናው ቃል ትዕግሥት ነው። ሥራው የሦስት ዓመት ሥራ ነው፤ በአንድ ዓመት ከዛፉ አንድ አራተኛ በላይ አይነሣም።

ጊዜው ቅጠል ከረገፈ በኋላ ቡቃያ ከመፍካቱ በፊት ነው። ለዋሽንግተን አካባቢ ጽኑ ብርዱ ያለፈበት የፌብሩዋሪ መጨረሻና የማርች መጀመሪያ ይመቻል። ቅጠል ስለሌለ የዛፉ አጽም በግልጽ ይታያል።

በመጀመሪያው ዓመት የሞተው፣ የታመመውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ይወገዳል። ከዚያም ከመካከል ሽቅብ ከወጡት ትላልቅ ቅርንጫፎች አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ይመረጡና ከመነሻቸው ይወጣሉ፤ በዚህም ብርሃን ወደ ውስጥ ይገባል። በሁለተኛው ዓመት ሌላ አንድ ወይም ሁለት፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። ቁመቱን ለመቀነስ ግንዱ የትም ቦታ አይቀላም። ወደ ውጭ ያጋደለ የጎን ቅርንጫፍ ተፈልጎ እዚያው በላዩ ይቆረጣል። ያ የጎን ቅርንጫፍ የሚቆረጠውን ግንድ ውፍረት ቢያንስ ሲሶ ማከል አለበት፤ ያለዚያ የአለቅነቱን ቦታ ሊይዝ አይችልም፤ አለንጋዎችም ይወርሱታል። በመጨረሻ ዛፉ በአጭር መሰላል የሚደረስበት፣ 12 ጫማ ያህል ሆኖ ቢቀር ይበቃል።

አቆራረጡም ወግ አለው። ወፍራም ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ጫማ ያህል ርቆ ከሥር ወደ ላይ ጥቂት ይገዘገዛል፤ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ራቅ ብሎ ከላይ ይቆረጣል። ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ልጦ እንዳይሄድ ነው። ሦስተኛው የቀረውን ጉቶ ማንሣት ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚነሣበት ቦታ ያበጠ ቀለበት ይታያል፤ እንደ ሸሚዝ አንገትጌ። ቁርጡ ከአንገትጌው ወዲያ ማዶ፣ እርሱን ሳይነካ መሆን አለበት። ዛፍ ቁስሉን የሚዘጋው በዚያ ነው። ረጅም ጉቶ ከተተወ ይበሰብሳል፤ ከግንዱ ጋር ተላጭቶ ከተቆረጠም ቁስሉ ሳይድን ይቀራል። ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባት ድሮ የተለመደ ቢሆንም አይጠቅምም፤ ክፍት ይተዋል።

በጁንና በጁላይ ከቁርጦቹ ዙሪያ አዳዲስ አለንጋዎች ብቅ ማለታቸው አይቀርም። ለጋ ሳሉ በእጅ ተገንጥለው ይወጣሉ። በበጋ የተነሣ አለንጋ በብርድ ከተቆረጠው ይልቅ የመመለስ ኃይሉ ያነሰ ነው። ወደ ጎን ያጋደሉትን አንዳንዶቹን ግን ማትረፍ ይገባል፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የፍሬ ጣት የሚያወጡት እነርሱ ናቸው። ከኦገስት አጋማሽ ወዲህ መቀስ ይሰቀል፤ ዘግይቶ የተቀሰቀሰ ቀንበጥ ሳይጠነክር ውርጭ ይደርስበታል።

ስለ መሰላል ደግሞ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። የቤት ውስጥ ባለ አራት እግር መሰላል ለጓሮ መሬት አይሆንም፤ አንዱ እግሩ ይሰጥማል። አትክልተኞች የሚጠቀሙት ባለ ሦስት እግር ነው። ያም ከሌለ ረጅም እጀታ ያለው መጋዝ ይዞ ከመሬት መሥራት ይሻላል። ከሥራ ለወር የሚያስቀር ስብራት የሚያስከትል ፒር የለም። ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ የደረሰ ቅርንጫፍም ለባለሙያ ይተዋል።

እሳት የነካው የሚመስለው በሽታ

ፒር የሚገርዝ ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ክፉ ጠላት አለ። ፋየር ብላይት ይባላል። የሚያመጣው ኤርዊኒያ አሚሎቮራ የሚባል ባክቴሪያ ነው። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን በሃድሰን ሸለቆ ከ200 ዓመት በፊት ጀምሮ ታውቋል። ሜየር ቻይና ድረስ የሄደበት በሽታም ይኸው ነው።

አበባ በፈካበት ጊዜ አየሩ ሞቅና ረጠብ ካለ በሽታው ከአበባ ወደ አበባ በንብና በዝናብ ይተላለፋል። አበባውና ቅጠሉ በእሳት እንደ ተለበለበ ይጠቁራል፤ ሳይረግፍም እዚያው ይንጠለጠላል። የለጋ ቀንበጥ ጫፍ እንደ ከዘራ እጀታ ይጎብጣል። ችላ ከተባለ ወደ ግንዱ ይወርዳል፤ ዛፉንም ይገድላል። ባርትሌት በዚህ በሽታ እጅግ የሚጠቃ ነው።

የታመመው ቅርንጫፍ ጥቁረቱ ካለቀበት ቦታ ከ8 እስከ 12 ኢንች ወደ ጤነኛው እንጨት ገብቶ ይቆረጣል፤ ባክቴሪያው ከሚታየው አልፎ ሄዷልና። ቀኑ ደረቅ መሆን አለበት። መቀሱና መጋዙ በየቁርጡ መካከል 70 በመቶ በሆነ አልኮል ይጠረጋል። የተቆረጠው በፍጥነት ከግቢ ይወጣል፤ ጥግ ላይ አይከመርም። ከጎረቤት ጓሮ ያለው የፖም ዛፍም የዚሁ በሽታ ሰለባ ነው።

በሽታውና አገራረዙ የተያያዙ ናቸው። ባክቴሪያው የሚወደው ፈጥኖ የሚያድግ ለጋ ቀንበጥ ነው። ስለዚህ ዛፉን በአንድ ጊዜ የጨፈጨፈ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሚወጡትን አለንጋዎች ለበሽታው ግብዣ አድርጎ አቀረበ ማለት ነው። ለሣሩ ተብሎ በዛፉ ሥር የሚበተን ማዳበሪያም ይህንኑ ያደርጋል። ፒር ብዙ ማዳበሪያ አይሻም።

አዲስ ለሚተክል ሰው በሽታውን የተሻለ የሚቋቋሙ ዝርያዎች አሉ። ትንሿና ጣፋጯ ሴክል፣ ማግነስ እና እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ፖቶማክ ከነዚህ ይቆጠራሉ። ፒር ያለ ጓደኛ ደህና አድርጎ ስለማያፈራ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መትከል ያስፈልጋል። ሆኖም ባርትሌትና ሴክል አይግባቡም፤ አንዱ ሌላውን አያዳብርም። ማግነስም ለሌላው የሚሆን የአበባ ዱቄት የለውም፤ ስለዚህ ከእርሱ ጋር ሁለት ሌሎች ያስፈልጋሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖች ግን በፒር ባይደክሙ ይሻላል፤ ዛፉ አብቦ ለማፍራት በብዙ መቶ ሰዓት የሚቆጠር ብርድ ይፈልጋልና። በሀገር ቤት የጨንቻ ከፍታ ለፖም የተመቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚያድን ዛፍ

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «ቀድሞውኑ አበላሽቼዋለሁ» ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም። ፒር ቶሎ የሚሞት ዛፍ አይደለም። በማሳቹሴትስ ዳንቨርስ ከተማ የሚገኘው ኢንዲኮት የተባለው ፒር በ1630ዎቹ ገደማ እንደ ተተከለ የሚነገርለት ሲሆን እስከ ዘመናችን አፍርቷል። በኒው ዮርክም ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አደጋ በኋላ ከፍርስራሹ መካከል አንድ የብራድፎርድ ወገን የሆነ ፒር ተቃጥሎና ተሰባብሮ በኦክቶበር ተገኘ። ብሮንክስ ወስደው አስታመሙት፤ በዲሴምበር 2010 ወደ ቦታው ተመለሰ። የድሮው የተቆራረጠ ጉቶና ከዚያ የወጣው ለስላሳ አዲስ ቅርንጫፍ ዛሬም በዚያው ዛፍ ላይ ተለይተው ይታያሉ።

በደንብ የተገራ ፒር በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ገደማ ፍሬ ማሳየት ይጀምራል። ያኔም ሥራ አለ። በአንድ ዘለላ ላይ አምስትና ስድስት ሆነው ከተቋጠሩት አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ፤ ያለዚያ ፍሬው ይቀጭጫል፣ ቅርንጫፉም ይሰበራል። የአውሮፓ ፒር ዛፍ ላይ እስኪበስል አይጠበቅም፤ ከውስጥ ይበሰብሳል። ገና ጠንካራ ሳለ ፍሬው በእጅ ተይዞ ወደ ጎን ቀና ሲደረግ ከቅርንጫፉ በቀላሉ ከተላቀቀ ደርሷል ማለት ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢ ባርትሌት የሚለቀመው በኦገስት ነው። ቤት ውስጥ በወረቀት ከረጢት ከአንድ ሙዝ ጋር ቢቀመጥ በጥቂት ቀናት ይለሰልሳል።

ዛፉን የተከለው አባት ምናልባት ያን ጊዜ መሰላል የሚወጣበት ዕድሜ አልፎ ይሆናል። ነገር ግን ቅርንጫፎቹ በጊዜ ጎንበስ እንዲሉ ከተደረጉ መሰላል አያስፈልግም። አያት ከወንበሩ ሳይርቅ፣ የልጅ ልጅም በእግሩ ጣት ቆሞ፣ ከአንድ ቅርንጫፍ መልቀም ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው በዚህ ዓመት በሜይ ወር አንድ እሽግ የልብስ መቆንጠጫ ይዞ ወደ ጓሮ መውጣት ብቻ ነው።